ከማኮብኮቢያው ማዶ

የልደታው ሜዳ ለጄት ስላጠረ አውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ወደ ቦሌ ሲዛወር፣ ዙሪያው የገበሬ ማሳ ነበር። ዛሬ ማሳ ያማረው ሰው ከአራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ ራቅ ብሎ በእግር መውጣት አለበት።

ታኅሣሥ ላይ ሂዱ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ የረር ተራራ ከፊት ይታያል። ሽምብራው ግን ገና አረንጓዴ ነው። የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ ስለሆነ ጥቁሩ መሬት በቋጠረው ርጥበት ያድጋል። በማለዳ ቅጠሉን ዳሰስ አድርጋችሁ ጣታችሁን ቅመሱት፤ ይኮመጥጣል። ተክሉ ራሱ የሚያወጣው አሲድ ነው። እሸቱን ግን ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ እንዳትነቅሉ!

በማሳ መሃል ስለመራመድ ካነሳን፣ እንግሊዞች እርሻ አቋርጦ ከመንደር መንደር የሚያደርሰውን የእግር መንገድ በሕግ ያስጠብቃሉ፤ ገበሬው ቢያርሰው እንኳ መልሶ የማስተካከል ግዴታ አለበት። እኛ ዘንድ ሰውና ከብት ለዘመናት የተመላለሱበት መንገድ አንድ ቀን በቆርቆሮ አጥር ተዘግቶ ይገኛል። አዲስ ሰፈር ሲነደፍ ከአስፋልቱ ጎን እሱንም ብንተወው ምን ይጎድልብናል?

ለማንኛውም፣ የምትወጡ ከሆነ እግራችሁን እያያችሁ ተራመዱ፤ ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል።