ወንዴ መካንነት በፍራፍሬ ዛፎች



የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ እስኪዛወር ድረስ የአዲስ አበባ የፍራፍሬ መናኸሪያ ነበር። ገበያተኛው ፍሬውን እንጂ አበባውን አያይም፤ የሙያ ሰው ግን አበባውን መመርመር ይገባዋል።

ዋሽንግተን ኔቭል የተባለው ብርቱካን ዘር የለውም። የአበባ ዱቄት የሚያስገኙት ሴሎች ሳይጎለምሱ ስለሚሞቱ ወንዴው ክፍል ባዶ ነው፤ አብዛኛው የሴቴው ዕንቁላልም ይመክናል። ሆኖም ፍሬው ያለ ጽንስ ያድጋል። ስለዚህ ዛፉ የሚራባው በክተባ ነው፤ መካንነቱም ለበላተኛው በረከት ሆኗል።

በፖም ግን ነገሩ ይለያል። መደበኛው ፖም 34 ክሮሞሶሞች ሲኖሩት፣ እንደ ጆናጎልድ ያሉት ዝርያዎች 51 አሏቸው። ሦስት ሦስት የሆኑት ክሮሞሶሞች በሴል ክፍፍል ጊዜ እኩል ስለማይካፈሉ አብዛኛው ዱቄት ይመክናል። እንዲህ ያለው ዛፍ ከሌላው ይቀበላል እንጂ መልሶ አይሰጥም። ከዚህ የተነሣ አብረውት የሚያብቡና እርስ በርሳቸው የሚዳቀሉ ሁለት መደበኛ ዝርያዎች በአጠገቡ ያስፈልጉታል።

ለጨንቻም ሆነ ለሌላ ደጋ ገበሬ ስሙ ያልታወቀ ችግኝ ብንሰጠው፣ ከዓመታት ድካም በኋላ አበባ ብቻ ቆጥሮ መሬቱን ሊያማርር ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ችግኝ ጋር የዝርያው ስምና የአዳቃዮቹ ስም ተጽፎ እንዲሰጥ በአክብሮት አሳስባለሁ።