የሞንክስ ዉድ የምርምር ጣቢያ አነሣሥና ፍጻሜ



ዛሬ የማቀርበው አጭር ንግግር ስለ አንድ የሥነ ምህዳር ምርምር ጣቢያ አነሣሥና ፍጻሜ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ እወዳለሁ።

ሞንክስ ዉድ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሀንቲንግደን ከተማ አካባቢ የሚገኝ ጥንታዊ ደን ነው። በ1949 የተቋቋመው የብሪታንያ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ በዚሁ ደን ዳር የምርምር ጣቢያ አቆመ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ኬኔዝ ሜላንቢ ነበሩ። ዘመኑ ፀረ ተባይ መድኃኒት በየእርሻው የበዛበት፣ አእዋፍም በየማሳው ሞተው የሚገኙበት ነበርና፣ በኖርማን ሙር የሚመራው የጣቢያው ክፍል መርዙ ከዘር ወደ ወፍ፣ ከወፍም ወደ ጭልፊት የሚተላለፍበትን መንገድ ተከታትሎ መረመረ። የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ዴሬክ ራትክሊፍም በ1967 ባሳተሙት ጽሑፍ የጭልፊት እንቁላል ቅርፊት ከ1947 ገደማ ጀምሮ መሳሳቱን አስረዱ። ማስረጃቸው ሰብሳቢዎች ከዚያ በፊት ያኖሯቸው እንቁላሎች ነበሩ። እነዚያ ሰብሳቢዎች ስለ ዲ.ዲ.ቲ. የሚያውቁት አንዳች ነገር አልነበረም፤ ሆኖም እነርሱ ባያኖሩ ኖሮ ማነጻጸሪያ ባልተገኘም ነበር።

ጣቢያው ራሱም ለመጪው ጊዜ ማኖርን ያውቅ ነበር። በ1961 ከደኑ ጋር የሚዋሰን አራት ሄክታር የገብስ ማሳ አንድም ችግኝ ሳይተከልበት ለተፈጥሮ ተተወ። በ1976 ደግሞ ዛሬም ያልተቋረጠው አገር አቀፍ የቢራቢሮ ቆጠራ ከዚሁ ጣቢያ ተጀመረ።

ውድቀቱ በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም። በ1971 ለመንግሥት የቀረበው የሎርድ ሮትስቻይልድ ሪፖርት ተግባራዊ ምርምር በደንበኛ ትእዛዝ ይሠራ የሚል መርሕ አቀረበ። በ1973 የተፈጥሮ ጥበቃው ሥራና ምርምሩ በሁለት መሥሪያ ቤቶች ተከፈሉ፤ ጣቢያውም ለምርምሩ ክፍል ደረሰ። በ2006 ጣቢያው እንዲዘጋ ተወሰነ፤ በ2009ም ተዘጋ። ከፊሎቹ ሠራተኞች ወደ ሌሎች ማዕከሎች ተዛወሩ።

ማሳው ግን ሥራውን አላቋረጠም። ወፎችና አይጦች ተሸክመው የቀበሩት ፍሬ እየበቀለ ያ የገብስ መሬት ደን ሆነ፤ ውጤቱም በ2021 ታትሞ ወጣ። ጥያቄውን የጠየቀው ጣቢያ መልሱን ሳያይ ቀረ ማለት ነው።

አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። የሥነ ምህዳር ምርምርም እንዲሁ ነው፤ የበጀት ዓመት ግን ይህን ትዕግሥት አያውቅም። ጣቢያ መዝጋት አንዳንድ ጊዜ ግድ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም በሩ ከመዘጋቱ በፊት መዝገቡን ማን ይረከባል? የተጀመረውን ቆጠራ ማን ይቀጥላል? ሳይታረስ የተተወውን መሬትስ ማን ይጠብቃል? እነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ሳያገኙ ቁልፉ መሰጠት የለበትም። ሕንፃ በሁለት ዓመት ሊሠራ ይችላል፤ የተቋረጠን የሃምሳ ዓመት ልኬት ግን ማንም በገንዘብ ሊገዛው አይችልም።