ለጌጥ ስለሚሰቀሉ መብራቶችና ስለ ድንኳናችን
(ለእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እድር በመብራት ጉዳይ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ያገባናል፤ ድንኳኑም የእኛ፣ ለቅሶውም የእኛ ነውና።

እዚህ ዱከም ቀድሞ ሌሊት የምንጠነቀቀው ኩራዝና ሻማ ነበር። ነበልባሉ ስለሚታይ ሕፃን እንኳ «ያቃጥልሃል» ሲባል ይገባዋል። ዛሬ ለገና፣ ለልደትና ለሠርግ የምንሰቅለው ባለቀለም መብራት ግን ጌጥ ነው ተብሎ ማንም አይፈራውም። ሶኬቱ ላይ ያለው ኃይል እኮ 220 ቮልት ነው! ያ እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ በሚስማር ተወግቶ ወይም አይጥ ልጦት ከሆነ የነካውን ሰው ይይዛል። ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩም ብልጭታ ይነሣል። አጠገቡ ያለው ደግሞ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የማዳበሪያ ኮርኒስ ነው። ለገና የተቆረጠ ጥድም በጥቂት ቀን ይደርቃል፤ አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት ፋታ አይሰጥም።

ሙቀቱም አለ። የድሮው አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው የሚወጣው በሙቀት ነው። ብርሃኑ እንዲለዝብ ብሎ ሻሽ ወይም ወረቀት ማልበስ እሳት መጥራት ነው። በአሜሪካ በ1989 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1997) ወለል ላይ የሚቆሙ የሃሎጅን መብራቶች እሳት ስላስነሡ፣ ወደ 40 ሚሊዮን ለሚጠጉት በአምፖሉ ላይ የሽቦ መከለያ እንዲገጠምላቸው ተወስኖ ነበር። አሁን የምንገዛው ኤልኢዲ ሙቀቱ አነስተኛ ነው፤ የሽቦው አደጋ ግን ያው ነው።

ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ወፍራም ሽቦ የምንጠቀልል ሰዎችም እንተው። ፊውዙ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው። ሰው በኤሌክትሪክ ከተያዘ መጎተት አይገባም፤ መጀመሪያ ከቆጣሪው ይጥፋ። በኤሌክትሪክ እሳት ላይም ኃይሉ ሳይጠፋ ውኃ አይደፋም።

ወደ ድንኳናችን እንምጣ። ለሠርግ ስናውስ የጌጥ መብራቱ በብረት ቋሚዎቹ ላይ ይጠመጠማል። ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ዝናብ ከመጣ ብረቱ በሙሉ ኃይል ሊይዝ ይችላል፤ ቋሚውን ተደግፎ የሚቆመው ደግሞ ስንት ሰው ነው! ሙሽራ በጨለማ ትግባ አላልንም። ስለሆነም ድንኳን የሚዋስ አባል መብራት የሚሰቅል መሆኑን አስቀድሞ ለንብረት ያዡ ያስታውቅ፤ ሽቦውን ሙያ ያለው ሰው ይየው፤ በብረቱ ላይ ሳይሆን በገመድ ይንጠልጠል፤ ዝናብ ሲጀምር ይነቀል። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲገባ ለዳኛውና ለኮሚቴው አቅርበናልና ዛሬ ድምፅ እንዲሰጥበት እንጠይቃለን።