ዝናብ እያለ ውሃ ለምን ይጠፋል?

ዛሬ ስለ ውሃ እንጨዋወታለን።

የዓለም ውሃ 100 እንስራ ቢሆን 97ቱ ጨዋማ ነው። ከቀሩት 3 እንስራዎችም አብዛኛው በረዶ ነው። ለመጠጥና ለእርሻ የሚሆነው ጥቂት ነው።

በፍላቂትና በመቄት ደጋስ? በ1977 ዓ.ም. ዝናብ ቀርቶ ወሎ ክፉኛ ተጎዳ። ግን ደህና ዝናብ በጣለበት ዓመትም በበጋ ምንጭ ይደርቃል። እናቶችና ልጆች ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይወርዳሉ። ለምን? ዛፉ ተመንጥሮ ተራራው ተራቁቷል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አይሰርግም፤ አፈራችንን ጠርጎ ወደ ተከዜና ወደ አባይ ይሄዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? እርከን እንሥራ። ከምንጩ በላይ ያለውን ተዳፋት ከከብት እንከልል። አገር በቀል ዛፍ እንትከል። ባሕር ዛፍ ግን ውሃ ይጠጣልና ከምንጭ ይራቅ። እርከን የያዘው ውሃ ይሰርጋል፤ የሰረገው በበጋ በምንጭ ይወጣል።

ይህን ያነበበ ላላነበበ ያንብብለት።