የፒፓ እርጥበት ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይቀነሳል?

(በልደታ ግቢ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፒፓ የሚያጨስ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም ጥቂት ደቂቃ እንደ ተጨሰ ፒፓው የሚፈላ ጀበና ድምፅ ያሰማል፤ ቀጥሎም መራራ ውሃ ወደ ምላስ ይመጣል። ከዚህም ጋር «ፒፓው ደረቅ ከሆነ አይጎዳም» ሲባል ስለሚሰማ፤ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ተገቢ ነው።

ብዙ ሰው ውሃው ምራቅ ነው ይላል። ምራቅ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ብቻውን አይደለም። ትንባሆው ራሱ ውሃ ይዟል። ከዚህም በላይ ፈጽሞ የደረቀ ቅጠል እንኳ ሲነድ፤ በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ውሃ ይሆናል። ይህ እንፋሎት በቀዝቃዛው ቱቦ ሲያልፍ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ከልደታ ማርያም አጠገብ ባለው በዚህ ግቢ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕንፃ ሥራ ትምህርት ሲሰጥ ስለ ኖረ፤ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም። ብዙ ሰው በተኛበት ክፍል ሌሊት ከቆርቆሮው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ፤ ጣሪያው ሳያፈስ እንኳ ከተኙት ሰዎች ትንፋሽ ይመጣል። የፒፓውም ሕግ ይኸው ነው።

እንግዲህ ውሃው ከእሳቱ ጋር የሚወለድ ከሆነ፤ መቀነስ እንጂ ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም። መንገዱም አራት ነው።

አንደኛ፤ ትንባሆውን ማድረቅ። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ትንባሆ አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ነው። ለማጨስ የሚስማማው ከመቶ 12 እስከ 15 ያህል ውሃ ያለው ነው። ወረቀት ላይ በትኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ይበቃል፤ በክረምት ግን ጊዜው ይረዝማል። በጣት ሲጨብጡት ተጣብቆ ከቀረ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ከተፈታ ደርሷል፤ ዱቄት ከሆነ አልፎበታል።

ሁለተኛ፤ ቀስ ብሎ መሳብ። በችኮላ የሚሳብ ፒፓ እሳቱ ይበረታል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ እንፋሎት ይወጣል፤ ምላስም ይቃጠላል። ትንባሆውንም አጥብቆ መጠቅጠቅ አይገባም፤ አጥብቆ የጠቀጠቀ አጥብቆ ለመሳብ ይገደዳልና።

ሦስተኛ፤ መጥረግ። ጥጥ የተጠመጠመበት ቀጭን ሽቦ በመካከሉ ወደ ቱቦው ማስገባት ጤዛውን ያወጣል። ፒፓው ትኩስ ሳለ ግን አፉን መንቀል አይገባም፤ እንጨቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አራተኛ፤ ማሳረፍ። እንጨቱ የጠጣውን እርጥበት እንዲተፋ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይጨስበት መዋል አለበት። እንጨቱም ለእኛ እንግዳ አይደለም። አውሮፓውያን ብራየር የሚሉት፤ በሰሜን ተራሮችና በባሌ ከፍታዎች የሚበቅለው የእኛው አስታ ነው። ለፒፓ የሚሆነው ከሥሩ ላይ የሚያብጠው ጉጥ ነው። የሜዲትራንያን አገሮች ሠራተኞች ጉጡን ለብዙ ሰዓት ቀቅለው ለወራት ያደርቁታል። ፒፓ ገና ሳይጠረብ ከእርጥበት ጋር ትግሉን ይጀምራል ማለት ነው።

የአገራችን ጋያ ግን ተቃራኒውን መንገድ መርጧል። ከላይ የሸክላ እሳት ማስቀመጫ፤ ከታች ውሃ የያዘ ቅል አለው፤ ጭሱም በውሃው ውስጥ አልፎ ይቀዘቅዛል። ውሃን ከመሸሽ ይልቅ ውሃን ለሥራ ማዋል ብልኀት ነው። ከዚህ በመነሣት ግን «ውሃው መርዙን ያጥበዋል» ማለት ስሕተት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በውሃው ውስጥ ያልፋል፤ ካንሰር የሚያመጡ ነገሮችም ያልፋሉ።

የደረቀውም ፒፓ እንደዚሁ ነው። መድረቁ ምላስን ያሳርፋል፤ ጣዕሙን ያሻሽላል፤ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰርን ግን አይከለክልም። ጭሱ ስለ ለሰለሰ ጉዳቱ የቀነሰ የመሰለው ሰው፤ አብዝቶ እንዲያጨስ ራሱን አታለለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112ም ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥና በሥራ ቦታ ማጨስን ከልክሏል፤ ክፍሎቻችንም ከዚሁ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ የሚያጨስ ጓደኛ ካላችሁ፤ ቱቦውን የጠረገበትን ጥጥ አሳዩት። በጥጡ ላይ ያለው ቡናማ ውሃ በቱቦው ውስጥ ቀዝቅዞ የቀረው ብቻ ነው፤ ያልቀዘቀዘው ወዴት እንደ ሄደ ራሱ ያስበው።