ሕፃናትን ከውሃ አደጋ ስለ መጠበቅና ዋና ስለ ማስተማር
በአሊዩ አምባ ለእናቶችና ለቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር



ውሃን አፍልቶ ስለ መጠጣት ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። ዛሬ እኔ ልጃችሁ የምናገረው ውሃ፣ ንጹሕም ሆነ ድፍርስ፣ ልጅን ስለሚገድልበት ሌላ መንገድ ነው፤ እርሱም መስጠም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነው።

ልጅ ሲሰጥም ይጮኻል ብላችሁ አትጠብቁ። አፉ ውሃ ውስጥ ነውና አይችልም። እናቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ስትጨምቅ ነገሩ ያልቃል። ዳዴ ለሚል ልጅማ ወንዝም አያስፈልገው፤ ስንዝር የማይሞላ የሳፋ ውሃ ይበቃዋል፤ በግንባሩ ከተደፋ ራሱ ስለሚከብደው መነሣት ያቅተዋል። ስለዚህ ያጠባችሁበትን ውሃ ወዲያው ድፉት፤ በርሜሉንና የውሃ ጉድጓዱን ልጅ በማያነሣው ክዳን ክደኑ።

የእኛ አገር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ተራራ ሥር ናት። ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በየገደሉ ወርዶ ወደ ይፋት ቆላ ይንደረደራል፤ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እያቃጠለች ወንዙ በድንገት ይሞላል። በሸዋ ሮቢት በኩል ሮቢን፣ ከዚያም ወዲያ ጀውሃን የሚሻገር ሰው ደራሽ ውሃ ምን እንደሆነ ያውቃል። ልጆች በወንዙ አሸዋ ላይ ሲጫወቱ ሽቅብ ወደ ደጋው ማየት ይልመዱ። ተራራው ከጠቆረ፣ ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ሁሉን ትተው ወደ ከፍታ ይሩጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እረኛውን ስትልኩ «ፍየሏን ጥለህ እንዳትመጣ!» ትሉታላችሁ፤ ይህ ቃል ነው ልጁን ወደ ጎርፉ የሚመልሰው። ጎርፍ ሲመጣ ጥሎ ቢሸሽ እንደማትቆጡት አስቀድማችሁ ንገሩት። ፍየል ትተካለች።

አንዳንድ ሰው «ጂኒ ጎተተው» ይላል። የሚጎትተው ጥልቀቱና አዙሪቱ ነው፤ የት እንዳለም የቀዬው እረኛ ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ ገበያ የምትሄድ፣ እንጨት የምትለቅም እናት ልጇን በምን ትጠብቅ? የ7 ዓመት እኅት ለ2 ዓመት ልጅ ጠባቂ አትሆንም፤ እርስዋም ልጅ ናት። በባንግላዴሽ ገጠር የሠለጠኑ የመንደር ሴቶች እናቶች ሥራ በሚበዛባቸው ሰዓት፣ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ ሕፃናቱን ሰብስበው ይጠብቃሉ፤ በዚህም የሚሰጥሙት ሕፃናት እጅግ አንሰዋል። እኛም ለቡና መጠራራት የለመድን ጎረቤቶች በገበያ ቀን ተራ ገብተን መጠበቅ አያቅተንም።

ልጁ 6 ዓመት ሲሞላው ዋና ይማር። ሴቲቱም ትማር እንጂ! ውሃ የምትቀዳው እርስዋ አይደለችም እንዴ? ጊዜው በጋ፣ ውሃው የጠራና ከልጁ ወገብ የማያልፍ፣ አስተማሪውም ዋና የሚችል ትልቅ ሰው ሆኖ እጁ ከሚደርስበት አይራቅ። መጀመሪያ ፊቱን ነክሮ ትንፋሹን በውሃው ውስጥ ማውጣት፤ ከዚያ በጀርባው መንሳፈፍ፤ ቀጥሎ በእግሩ እየመታ ወደ ዳር መመለስ። መንሳፈፉን ከሁሉ አስበልጡት፤ የደከመን ልጅ ሰው እስኪደርስለት የሚያቆየው እርሱ ነው። ዋና ቻለ ማለት ግን ጎርፍ ይሻገራል ማለት አይደለም። ቀንድ አውጣ በሚታይበት የረጋ ውሃም አታስገቡት፤ የቢልሃርዝያ ትል በቆዳ በኩል ትገባለች። ስፍራውን ስትመርጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ።

ልጅ ሲሰጥም ያየ ሰው ዘሎ አይግባ፤ ሁለት ሬሳ ይሆናል። መጫኛ፣ ጋቢ፣ ረጅም እንጨት ወይም በገመድ የታሰረ ባዶ ጀሪካን ይወርውርለት። ከወጣ በኋላ በእግሩ አንጠልጥሎ ማራገፍ፣ ሆዱን መጫን አይገባም፤ ጊዜ ማባከን ነው። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ በአፉ 5 ጊዜ እፍ ማለት ነው። ካልነቃ የደረቱን መካከል በመዳፍ 30 ጊዜ ፈጠን አድርጎ መጫን፣ 2 ጊዜ እፍ ማለት፣ እስኪተነፍስ ወይም ባለሙያ እስኪደርስ ይህንኑ መደጋገም። ቢነቃም፣ ቢስቅም፣ ያን ዕለቱን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሳንባው የገባው ውሃ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል።