እከክ ሲገባ ለቤቱ ሁሉ ነው



ዛሬ የምንናገርበት ነገር በሰው ፊት ለማንሣት ስለሚያሳፍር ብዙ ጊዜ ተድበስብሶ የሚቀር ነው፤ ስለ እከክ ነው። ለቅሶ ቤት እስከ ሠልስት ከዳባትና ከደባርቅ የመጣው ዘመድ ሁሉ ከልጆቻችን ጋር በአንድ ጋቢ ሲያድር እያየን ዝም ማለት አልፈለግንም።

እከክን የሚያመጣው በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ጥቃቅን ተባይ ነው። ቆዳ ውስጥ ቆፍሮ ገብቶ እንቁላሉን ይጥላል። የሚጋባውም ገላ ከገላ ረዘም ላለ ጊዜ ሲነካካ፣ በተለይ አብሮ ሲታደር ነው። እጅ በመጨባበጥ ብቻ እምብዛም አይተላለፍምና ሰላምታ አንከልክል! በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በእምብርት ዙሪያ፣ በብልትና በመቀመጫ ላይ ሽፍታ ወጥቶ ሌሊት ሌሊት የሚያሳክክ ከሆነ፣ ይልቁንም ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው የሚያክ ከሆነ፣ እከክን እንጠርጥር። ጭርት ግን ክብ ሠርቶ ወደ ውጭ እየሰፋ ይሄዳል፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

የቆሻሻ ሰው በሽታ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። ዋናው ነገር መጨናነቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በከተማችን በቆሎ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከአምስቱ አንዱ ያህል እከክ ተገኝቶበታል። በጠባብ ጎጆ ተፋፍገው የሚያድሩ ልጆች ምን ያድርጉ? በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜም በአማራ ክልል በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ታሞበታል።

ወደ ሕክምናው እንምጣ። ፐርሜትሪን የሚባለው ቅባት ማታ ከአንገት ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ይቀባል፣ ጠዋት ይታጠባል፤ ከሳምንት በኋላም ይደገማል። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ። መድኃኒቱን ከንቱ የሚያስቀረው አንዱ ሲቀባ ሌላው መተዉ ነው። ተባዩ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባበት ሰው ማከክ እስኪጀምር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃልና ዛሬ ያላከከ ሁሉ ነፃ ነው ማለት አይደለም። እንግዲህ የቤቱ ሰው በሙሉ፣ ሠራተኛዋም እንግዳውም ሳይቀሩ፣ በአንድ ቀን ይቀቡ። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ የማይታጠበው ብርድ ልብስ በላስቲክ ታስሮ አንድ ሳምንት ይቀመጥ። ከዚያም በኋላ ማሳከኩ ጥቂት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ አልሻረም ብሎ በየቀኑ መቀባት ቆዳውን ማቃጠል ነው።

ነጭ ጋዝና የተባይ ማጥፊያ ገላ ላይ መቀባትማ መርዝ ነው። ቁስሉ መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የልጅ ፊት ካበጠ ወይም ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ኩላሊቱ ተነክቶ ይሆናልና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ።

በየደጃችን የሚመጡትን የቆሎ ተማሪዎች በሚመለከት፣ አንዱን ልጅ ይዞ ሄዶ ማሳከም አይበቃም፤ ማታውን ተመልሶ እዚያው ጎጆ ነው የሚተኛው። በአንድ ጎጆ ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን እንዲታከሙ ከየኔታና ከጤና ጣቢያው ጋር የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች ከመካከላችን እንምረጥ።